ልጆቹ ቲዎሪውን ያውቁታል፤ ፓነል ሲከፈት ግን ይፈዛሉ

ጥያቄ፦ የአንድ ማምረቻ ድርጅት የጥገና ክፍል ኃላፊ ነኝ። ስምንት አዳዲስ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ተመድበውልኛል። ሁሉም በደንብ ተምረዋል። የኦምን ሕግ ቢጠየቁ ሳያመነቱ ይመልሳሉ። ማሽን ሲቆም ግን ፓነሉን ከፍተው ይፈዛሉ። ወይ እጃቸው የገባውን ዕቃ እየቀያየሩ ይሞክራሉ፣ ወይ አንጋፋውን ባለሙያ ይጠራሉ። ለተግባር ሥልጠና ሦስት ወር እና አነስተኛ በጀት ተፈቅዶልኛል። በምን ልጀምር? የሲሙሌሽን ሶፍትዌር መግዛትስ ያዋጣል?

መልስ፦

ሶፍትዌሩን ለጊዜው ይተዉት፤ እመለስበታለሁ።

ልጆችዎ እውቀት አላነሳቸውም። ያልለመዱት አንድ ነገር አለ፦ ከመለካታቸው በፊት ስንት እንደሚያገኙ መናገር። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን የፈዘዘውን ልጅ ከማይፈዘው የሚለየው እሱ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ሠልጣኝ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሞተሩ አልነሳ ብሏል። የመቆጣጠሪያው መስመር 24 ቮልት ነው። ጓደኛው የማስነሻ በተኑን ተጭኖ ይዞለታል። ልጁ ሜትሩን በኦቨርሎዱ (ሞተሩ ከልክ በላይ ኮረንቲ ሲወስድ የሚያቋርጠው መከላከያ) 95 እና 96 ተርሚናሎች ላይ አደረገና ደስ ብሎት "24 ቮልት አለ!" አለ። "ታዲያ ጥሩ ነው መጥፎ?" አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ተርሚናል ሄደ።

ብልሽቱን አግኝቶት ነበር እኮ! ከ95 እስከ 96 ያለው ኮንታክት (መገናኛ) በደህና ጊዜ የተዘጋ፣ ማለትም ኮረንቲ የሚያሳልፍ ነው። የተዘጋ ኮንታክት በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ዜሮ ማሳየት አለበት። 24 ቮልት ካሳየ ተከፍቷል፣ ኦቨርሎዱ ዘሏል ማለት ነው። ልጁ ቁጥሩን አነበበ፤ ግን የሚያወዳድርበት ነገር በአእምሮው አልነበረም። "ኮረንቲ አለ" የሚለው ቃል ብቻ ጥሩ ዜና መሰለው። አስቀድሞ "እዚህ ዜሮ እጠብቃለሁ" ብሎ ቢሆን ኖሮ 24 ሲያይ ይደነግጥ ነበር። መደንገጡን ነው የምንፈልገው።

ስለዚህ የሥልጠናው ሁሉ ሕግ ይህ ይሁን። እያንዳንዱ ልጅ ደብተር ይያዝ። የሚጠብቀውን ቁጥር ሳይጽፍ ሜትሩን የትም አያሳርፍ። ተሳስቶ ቢጽፍ ችግር የለም። ባዶውን ትቶ ከለካ ግን ሜትሩን ይቀበሉት። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ "ጊዜ ይፈጃል" ይላሉ። እውነት ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይንቀራፈፋሉ። ይታገሷቸው።

ነገር ግን ከዚህም የሚቀድም አለ። የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ አንድ ነገር ላይ ያውሉት፦ መስመር መሞቱን፣ ማለትም ኃይል እንደሌለው ማረጋገጥ።

ብዙ ቦታ ይህ በግማሽ ቀን ገለጻ ያልቃል፤ ፊርማ ተፈርሞ ወደ ሥራ ይገባል። እኔ በገለጻ አላምንም። እጅ ነው መልመድ ያለበት። ማጥፋት፣ በራስ ጓጉንቸር መቆለፍ፣ ቁልፉን ኪስ ውስጥ ማድረግ፣ ስም ያለበት ካርድ ማንጠልጠል። ሁለት ሰው ከሠራ ሁለት ጓጉንቸር ይንጠልጠል። ቁልፍ ለጓደኛ አይሰጥም።

ከዚያ መለካት ይመጣል። እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። መለኪያው መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ይሞከራል። ቀጥሎ የምንሠራበት ቦታ ይለካል። በመጨረሻ መለኪያው እንደገና ኃይል ባለበት ቦታ ይሞከራል። ለምን ሁለቴ? መለኪያው መሐል ላይ ገመዱ ተቆርጦበት ወይም ባትሪው አልቆ ሊሆን ይችላል። የሞተ መለኪያ ሁሉንም መስመር "ሞቷል" ነው የሚለው።

ሦስት ፌዝ እና ኒውትራል ባለበት መስመር ላይ ልኬቱ አሥር ነው። ፌዝ ከፌዝ ሦስት፣ ፌዝ ከኒውትራል ሦስት፣ ፌዝ ከኧርዝ ሦስት፣ ኒውትራል ከኧርዝ አንድ። ልጆቹ አሥሩን ጮክ ብለው እየቆጠሩ ይለኩ። ሦስቱን ለክቶ "በቃ ሞቷል" የሚል ልጅ ከመጀመሪያው ይጀምር።

ያቺን ትንሽ መብራት ያላት ቴስተር ካቻቢቴ ደግሞ ከየኪሳቸው ይሰብስቡ። እንድትበራ በሰውየው አካል በኩል ትንሽ ኮረንቲ ማለፍ አለበት። ወፍራም ጫማ ከለበሰ ወይም ኮረንቲ የማያስተላልፍ ወለል ላይ ከቆመ ላትበራ ትችላለች። ብርሃን ባለበት ቦታ ብትበራም ላትታይ ትችላለች። "አልበራችም" ማለት "ሞቷል" ማለት አይደለም።

የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠሩት ኢንቨርተሮች ላይም ቆም ይበሉ። በ400 ቮልት የሚሠራ ኢንቨርተር ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ኃይል የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) ወደ 565 ቮልት ዲሲ ይይዛሉ። ዋናው ብሬከር ከጠፋ በኋላም ወዲያው አይለቁም። ስንት ደቂቃ መጠበቅ እንደሚገባ መሣሪያው ላይ ተጽፏል። ከጠበቁ በኋላም በፕላስና በማይነስ መካከል መለካት ግዴታ ነው። ስክሪኑ ጠፋ ማለት ውስጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም።

ፍርሃት ሳይሆን ልክ እንዲኖራቸው አንድ ስሌት ያሠሯቸው። በ230 ቮልት የሚሠራ 60 ዋት አምፖል 260 ሚሊ አምፔር ገደማ ይወስዳል። የሰው እጅ ከ10 ሚሊ አምፔር አካባቢ ጀምሮ የያዘውን ለመልቀቅ ሊያቅተው ይችላል። ሰው ለማዳን የሚገጠመው አርሲዲ የሚቆርጠው በ30 ሚሊ አምፔር ነው። ለአንዲት አምፖል የሚሄደው ኮረንቲ ከዚያ ስምንት እጥፍ ይበልጣል። ራሳቸው ሲያሰሉት ፊታቸው ይለወጣል።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ወደ መለማመጃ ሰሌዳው ይግቡ። ለስምንት ልጆች አራት ሰሌዳ ይበቃል፣ ሁለት ለአንድ። በየሰሌዳው ላይ አንድ ኮንታክተር (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ በኮረንቲ የሚሠራ ማብሪያ)፣ አንድ ኦቨርሎድ፣ ማስነሻና ማቆሚያ በተን፣ ፊውዝ፣ የተርሚናል መስመር እና አንዲት ትንሽ ሞተር ይኑር። ከአሮጌ ፓነል የወጣ ዕቃ ይሆናል፤ አዲስ አይግዙ። የመቆጣጠሪያው ክፍል በ24 ቮልት ዲሲ ይሁን። ስህተት ሰው እንዳይጎዳ ነው። የሞተሩ መስመር ደግሞ በ30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ እና በአደጋ ጊዜ ማቆሚያ በኩል ይለፍ።

አንደኛው ጥንድ ዲያግራሙን አይቶ ያገናኛል። ሲጨርስ ዲያግራሙን ይንጠቁትና በቃሉ ይሥለዋል። የሣለውን ለሌላው ጥንድ ይሰጣል። ሌላው ጥንድ በዚያ ሥዕል ብቻ እንደገና ያገናኛል። ሥዕሉ ላይ የጎደለ ነገር ካለ ሞተሩ አይነሳም፤ ጭቅጭቁም ይጀመራል። ጭቅጭቁን አያቋርጡ። ኮንታክተሩ በ13 እና 14 ተርሚናሎቹ ራሱን ለምን እንደሚይዝ በጣም በደንብ የሚገባቸው ያኔ ነው። በተኑ ሲለቀቅ ሞተሩ አብሮ የሚቆምባቸው ልጆች 13 እና 14ን ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን አይረሱም።

የእጅ ሥራውን እዚሁ ይቆጣጠሩ፣ ረጅም ትምህርት አይፈልግም። ብዙ ቀጭን ክር ያለው ሽቦ ጫፉ ላይ ፌሩል (ትንሽ የብረት ቱቦ) ይግባበት፣ ይጨመቅ፣ ከታሰረ በኋላ ይሳብ። ከተሳበ ወጥቶ ከመጣ ይደገም። የላላ ቪቴ ምን እንደሚያደርግ በቁጥር ያሳዩአቸው። መገናኛው ላይ 0.1 ኦም ቢኖርና 30 አምፔር ቢያልፍበት 90 ዋት ሙቀት ይወጣል። ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ! ፓነል ውስጥ የሚሸተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ቀጥሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሽከረከር ሞተር፣ ከዚያ ስታር ዴልታ፣ ማለትም ሞተሩን በአንዱ አገናኝቶ አስነስቶ ወደ ሌላው የማዛወር ዘዴ። ስታር ዴልታ ላይ ሽቦ ከማገናኘታቸው በፊት የሞተሩን ኔምፕሌት (ቮልቴጁ የተጻፈበትን ሳህን) ያንብቡ። መስመሩ 400 ቮልት ከሆነ 400/690 የተጻፈበት ሞተር በዴልታ መሥራት ይችላል። 230/400 የተጻፈበት ግን በ400 ቮልት መስመር ላይ በስታር ብቻ ነው የሚሠራው። በዴልታ ካገናኙት ይቃጠላል። ይህን ፈተና ላይ በትክክል መልሶ ሞተር ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ። በስታር ሲነሳ ከመስመሩ የሚወስደው ኮረንቲ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። የማዞር ጉልበቱም እንዲሁ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ሸክም የተጫነበት ማጓጓዣ በስታር አልንቀሳቀስ ሲል ዕቃው አልተበላሸም። አመራረጡ ነው የተሳሳተው።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሥራው ማበላሸት ነው።

በጠዋት፣ ልጆቹ ሳይመጡ፣ ሰሌዳውን ያበላሹት። ሽቦውን ፕላስቲኩ ሳይነካ ውስጡን ይቁረጡት። በኮንታክት መሐል ቁራጭ ወረቀት ይሸጉጡ። በ24 ቮልት ኮይል ፋንታ የ230 ቮልት ኮይል ይግጠሙ፤ መልኩ አንድ ነው፣ የሚለየው ጽሑፉ ብቻ ነው። የኦቨርሎዱን መጠን ከሞተሩ በታች ዝቅ ያድርጉት። በተለምዶ የሚከፈተውን ኮንታክት በሚዘጋው ይቀይሩ። አንድ ቀን ሁለት ብልሽት በአንዴ ይክተቱ። አንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳያበላሹ "ይህ ማሽን ይቆማል ብለዋል" ብለው ይስጧቸው። ደህና ማሽን ደህና ነው ብሎ መመለስም ድፍረት ይጠይቃል። (እኔ ይህንን ቀን በጣም እወደዋለሁ። ደህና የነበረውን ሰሌዳ ራሳቸው አበላሽተው የሚያስረክቡ አይጠፉም።)

ሥራቸው በደብተር ላይ ይሁን። ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም? ምን ጠበቅሁ? ምን አገኘሁ? ይህ ምኑን ከጥርጣሬ አወጣልኝ? የመጨረሻው ጥያቄ ካልተመለሰ ልኬቱ ከንቱ ነው።

ሰዓት አይያዙባቸው። የሚቆጠረው የልኬቱ ብዛት ይሁን። 16 ነጥብ ያለው መስመር ላይ ከአንደኛው ጀምሮ ተራ በተራ የሚለካ ልጅ አሥራ ምናምን ጊዜ ሊለካ ይችላል። መሐሉን የሚለካ ግን በአንዴ ግማሹን ይጥላል። ከቀረው ግማሽ መሐሉን ይለካል። በአራት ልኬት ይጨርሳል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ አያስተምሯቸው። አንዱ በ13 ሌላው በ4 ሲጨርስ ይተያያሉ፣ ያኔ ይጠይቁዎታል።

መለኪያው ራሱ የሚዋሽበትን ቦታ ሆን ብለው ያሳዩአቸው። እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። በወጣትነቴ አንድ የሠራሁበት ቦታ፣ ኃይሉ የተቋረጠ ኬብል ላይ 80 ቮልት ገደማ እያሳየኝ ግማሽ ሌሊት ኬብል ስቀይር አደርኩ። ኬብሉ ደህና ነበር። አጠገቡ ረጅም መንገድ አብሮት የሚሄድ ኃይል ያለው ኬብል አለ። በአየር፣ በፕላስቲኩ በኩል ትንሽ ይጋባበታል። ዲጂታል መልቲሜትር የውስጥ ተቃውሞው ብዙ ጊዜ 10 ሜጋ ኦም ስለሆነ ከመስመሩ ምንም ያህል አይወስድም። ስለዚህ ያችን ጥላ እንደ እውነተኛ ቮልቴጅ ያሳያል። ትንሽ ጭነት የሚያደርግ ባለ ሁለት እጀታ የቮልቴጅ መፈተሻ ሲገባ ቁጥሩ ወዲያው ይወድቃል። ወርክሾፑ ውስጥ ሁለት ረጅም ኬብሎች አንድ ላይ አስረው ይህን ያሳዩ። አንድ ጊዜ ካዩት ይበቃቸዋል።

ሽቦውን አቅፎ ኮረንቲ የሚለካውን ክላምፕ ሜትርም እንዲሁ። በመላው ኬብል ዙሪያ ያስገቡትና ዜሮ ያንብቡ። ሞተሩ እየዞረ ለምን ዜሮ? አይንገሯቸው። የሚሄደውና የሚመለሰው ኮረንቲ እርስ በርሱ እንደሚሰራረዝ ራሳቸው ይድረሱበት። አንድ ሽቦ ብቻ ሲያቅፉ ቁጥሩ ይመጣል።

በጀቱን ማውጣት ያለብዎት እዚህ ነው። ርካሽ ሜትር ለኢንዱስትሪ ፓነል አይሆንም። ካት 3 ወይም ካት 4 የሚል የደህንነት ደረጃ ያለው፣ ቮልቴጁ ለቦታው የሚበቃ፣ ውስጡ ያለው ፊውዝ ከፍተኛ ኮረንቲ የሚቆርጥ ይሁን። ገመዱን አምፔር ቀዳዳ ላይ ረስቶ ቮልት የለካ ሰው በሁለት ፌዝ መካከል ሾርት ሠራ ማለት ነው። ያኔ በልጁ ፊትና በፍንዳታው መካከል ያለው ያ ፊውዝ ነው። ዓርክ፣ ማለትም በአየር የሚዘል የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ከፀሐይ ገጽ የበለጠ ይሞቃል።

ለሞተር ሁለት ቀን ይበቃል። ሦስቱ የሽቦ ጥቅሎች ኦማቸው እኩል መሆን አለበት። ኢንሱሌሽኑ (የሽቦው መከለያ) በሜገር፣ ማለትም በከፍተኛ ቮልቴጅ በሚገፋ መለኪያ፣ ለ400 ቮልት ሞተር በ500 ቮልት ዲሲ፣ ይለካል፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ኃይል አይሰጠው። ተራ መልቲሜትር ይህን አያይም፤ የሚገፋበት ቮልቴጅ ትንሽ ነው። ሜገር ከመጫናቸው በፊት ግን ኢንቨርተሩ ይፈታ! ያንን ያልፈታ አንድ ልጅ የሥልጠናውን በጀት በአንዴ ይጨርስልዎታል። አንድ ፌዝ የጠፋበት ሞተር እንዴት እንደሚያጉረመርም አንድ ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ ያሰሟቸው። ያ ድምፅ በጽሑፍ አይገባም።

ሴንሰር ካላችሁ ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ያለውን ምልክት አንድ ቀን ይስጡት። 12 ሚሊ አምፔር ግማሽ ነው። ዜሮ ሚሊ አምፔር ግን "ታንኩ ባዶ ነው" ማለት አይደለም። ባዶው 4 ነው። ዜሮ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ኃይል የለውም ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ ከባዶ በታች 25 በመቶ የሚል ንባብ ያየ ልጅ ይስቃል። ምክንያቱን ያወቀ ልጅ ግን ፓምፑን ትቶ ሽቦውን ይፈልጋል።

አሁን ሶፍትዌሩ። ዲያግራም ማንበብ ለማስለመድና የፒኤልሲ (ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) ሎጂክ ለመሞከር ይረዳል፣ ነፃ የሆኑትም ይበቃሉ። ግን ሶፍትዌር ውስጥ ቪቴ አይላላም፣ ወረቀት አይሸጎጥም፣ መለኪያ አይዋሽም። ገንዘብ ካለዎት ለሜትርና ለጓጉንቸር ያውሉት።

የሚከብድዎት ልጆቹ አይደሉም፤ አንጋፋው ባለሙያ ነው። ልጁ አሥር ደቂቃ ሲያስብ ያያል፣ አላስችል ይለዋል፣ ገፍቶ ገብቶ በአንዴ ያስተካክለዋል። ልጁ የተማረው ነገር ቢኖር አንጋፋው ጎበዝ መሆኑን ነው። ቀድመው ያነጋግሩት። እጁን ኪሱ ውስጥ እንዲያደርግ ይለምኑት። የሚፈቀድለት አንድ ጥያቄ ብቻ ይሁን፦ "እዚያ ላይ ስንት ትጠብቃለህ?" አደጋ ካየ ግን ወዲያው ያስቁም፣ እዚያ ላይ ጥያቄ የለም። ብልሽት የማዘጋጀቱን ሥራም ለእሱ ይስጡት። በዕድሜው ያያቸውን ክፉ ክፉ ብልሽቶች ሲያወጣ ያዩታል።

በመጨረሻው ወር ጥንዶቹ ከአንጋፋው ጋር ወደ እውነተኛ ማሽን ይሂዱ፣ ደብተራቸውን ይዘው። ብቻውን የሚላክ ልጅ በፈተና ውጤት አይመረጥ። እኔ የማየው ሦስት ነገር ነው። መስመር መሞቱን ማንም ሳያየው አሥሩንም ይለካል ወይ? ሦስት የማያውቃቸውን ብልሽቶች ያለ ምንም መቀያየር አግኝቷል ወይ? እና አንድ ጊዜ እንኳ ፓነል ዘግቶ "ይህ ከእኔ በላይ ነው፣ ሰው ይምጣ" ብሎ ያውቃል ወይ? ሦስተኛው የሌለበትን ልጅ፣ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ ብቻውን አልልከውም።

ደብተሮቹን ሦስት ወር ሲያልቅ አይጣሉ። በየማሽኑ ስም ከፋፍለው ፓነሉ በር ኪስ ውስጥ ያስቀምጡ። ያው ማሽን በሌሊት ፈረቃ ሲቆም፣ ደህና በነበረ ጊዜ የተለካው ቁጥር እዚያው ይኖራል።